ለበዓሉ የተጠራችው ታማሚ

ኢትዮጵያ ትቅደም

ነሐሴ 9 ቀን 1976 ዓ.ም.

ለሰሜን በር ሆስፒታል ሥራ አስኪያጅ
አዲስ አበባ

አመልካች፦ ጉልላት አጥናፉ፣ የማተሚያ ቤት አራሚ
አድራሻ፦ ጉለሌ፣ ከቀጨኔ መድኃኔዓለም በላይ

ጉዳዩ፦ ባለቤቴ ወ/ሮ ሙሉእመቤት ስብሐት በቀዶ ሕክምና ከዳኑት አንዷ ተብላ ለበዓሉ እንግዶች ከመቅረቧ በፊት፣ የተመለሰባት ሕመም በፕሮፌሰሩ እንዲመረመርላት ስለመጠየቅ

የተከበሩ ጓድ ሥራ አስኪያጅ፤

ይህን ማመልከቻ የምጽፈው ለመክሰስ አይደለም። ሆስፒታሉ ለባለቤቴ የሠራው ሥራ መልካም ሥራ ነበር፤ ብዙ ዓመት በምስጋና ስናነሣው ኖረናል። የቸገረን፣ ሥራው መልካም ሆኖ ሳለ ጊዜው ማለቁ ነው። ስለዚህ ከምስጋናው ጀምሬ ወደ ጥያቄዬ እንድደርስ ይፈቀድልኝ። በሙያዬ የሌላ ሰው ጽሑፍ አራሚ ነኝ፤ የራሴን ስጽፍ የሚያርመኝ ስለሌለ ቢረዝም በትዕግሥት እንዲያዩልኝ አመለክታለሁ።

1. ባለቤቴ በሽሮ ሜዳ ነጠላና ጋቢ ሻጭ ናት። ሕመሙ የጀመራት በ1964 ዓ.ም. ክረምት ነው። በግራ ጉንጯ በኩል ድንገት ኮረንቲ እንደ ያዘው ሰው ያደርጋታል፤ ይለቃትና መልሶ ይይዛታል። ለመምጣት ትልቅ ምክንያት አይፈልግም። ስታኝክ ይመጣል፣ ስትናገር ይመጣል፣ ፊቷን ስትታጠብ ይመጣል፣ ከእንጦጦ የሚወርደው ነፋስ ሽው ሲልባት ይመጣል። የነጠላ ጫፍ ጉንጯን ሲነካት ትጮህ ነበር። አንድ ነጋዴ ከራሱ ዕቃ ሲሸሽ ገበያው ምን እንደሚመስል መግለጽ አያሻኝም።

መጀመሪያ ጥርስ ነው ተባለ። አንድ መንጋጋ ተነቀለ። ሕመሙ ስላልሄደ አጠገቡ ያለው ነው ተባለና እሱም ተነቀለ። በዚህ አኳኋን የግራ ጥርሶቿ ያለ ጥፋታቸው ተራ በተራ ከሄዱ በኋላ ነቃዩ በቅንነት፣ «እንግዲህ በዚህ በኩል የሚነቀል አልቀረኝም» ብሎ አሰናበተን።

ከዚያ ጸበል ገባች። ጸበል ብዙ ሰው እንዳዳነ ስለማውቅ ክፉ አልናገርም። ነገር ግን ያ ቀዝቃዛ ውኃ ከከፍታ ወርዶ ግራ ጉንጯን ሲመታት መጮኋ አልቀረም፤ አጥማቂውም ጩኸቱን ርኩስ መንፈስ መስሏቸው «ስምህን ተናገር» ይሏት ጀመር። «ሙሉእመቤት እባላለሁ» አለች። «የእሷን አይደለም፣ ያንተን» አሏት። ሌላ ስም ስላልነበራት ውኃው ተጨመረባት። በሦስተኛው ቀን፣ ይተዉኝ እንደሆነ ብላ፣ ከሠፈራችን የማትወደውን አንድ ሰው ስም ጠራች። ሰውየው ዛሬም በሕይወት ስላሉ ስማቸውን አልጠቅስም።

2. በ1968 ዓ.ም. ጥቅምት ወር ላይ በሆስፒታልዎ ከውጭ የመጡ አንድ ፕሮፌሰር ተቀበሏት። አገራቸው ያኔም ዛሬም ወዳጅ በመሆኗ በዚህ በኩል የሚያስቸግር ነገር የለም። በአስተርጓሚ እንዳስረዱን ሕመሙ ከጥርስም ከመንፈስም አልነበረም። ከአንጎል ወጥቶ ለፊት ስሜት በሚሰጠው ነርቭ ላይ አንዲት ቀጭን የደም ሥር ተደግፋበታለች። ልብ በመታ ቁጥር እሷም ትመታዋለች፤ በዓመታት ብዛት የነርቩ ሽፋን ይላጥና ያልደረሰበትን ሁሉ ደረሰብኝ ማለት ይጀምራል። ከጆሮዋ ኋላ አጥንቱን በትንሹ ከፍተው፣ የደም ሥሯን ከነርቩ አራርቀው፣ ተመልሳ እንዳትደገፍ በመካከላቸው ስፖንጅ የሚመስል ትንሽ ነገር እንደሚያስቀምጡ ነገሩን።

ባለቤቴ ይህን ሰምታ፣ «ለሁለት ጎረቤት አጥር ማጠር ነዋ» አለች። አስተርጓሚው ተረጎመላቸው፤ ፕሮፌሰሩም ሳቁና ልክ ናት አሉ። ከዚያ በኋላ ምን ነበር ያመመሽ ብሎ ለሚጠይቃት ሁሉ የድንበር ክርክር እንደነበረባት ትናገር ነበር።

ከሰመመን ስትነቃ ሕመሙ አልነበረም። ሐኪሞቹ ጉንጯን በጥጥ ነኩት፣ በጣት ነኩት፤ አሁን ይመጣል ብላ ዐይኗን ጨፍና ትጠብቃለች፤ የሚመጣ የለም። ከሆስፒታል በወጣች ጊዜ መጀመሪያ ያደረገችው ነገር ከውጪው በር ላይ ቆማ ፊቷን ለነፋስ መስጠት ነው። መኪና ጠርቼ ብጠብቃትም አልመጣ አለች።

እውነቱን ለመናገር በግራ ጆሮዋ መስማት ቀንሷል። ይህም ሊደርስ እንደሚችል አስቀድመው ነግረውን ስለነበር ቅሬታ የለንም። ማታ ማታ መጽሐፍ ሳነብላት በግራ በኩል እንድቀመጥ ከማዘዟ በቀር በቤታችን የተጓደለ ነገር አልነበረም። በስብሰባ ላይ ግን ደህናውን ጆሮዋን ወደ መድረኩ አድርጋ እንደምትቀመጥ ቀበሌያችን ይመሰክራል።

አንድ ነገር በተለይ እንዲያዝልኝ እፈልጋለሁ። ፕሮፌሰሩ ሲሰናበቱን «ስንት ዓመት ይቆይልኛል?» ብላ ጠይቃቸው ነበር። የመለሱላት፣ «ሥራው አዲስ ስለሆነ እኔም አላውቅም። ለማወቅ ግን እፈልጋለሁ። የተመለሰብሽ እንደሆነ ሳትደብቂ ንገሪኝ» ብለው ነው። እንዲህ ያለ መልስ ከተማረ ሰው አፍ ሰምቼ ስለማላውቅ አልረሳሁትም።

3. ሰባት ዓመት ደህና ሆነች። በሰባቱ ዓመት ስለሆነው ብዙ የምለው የለኝም፤ ደህና ሰው ታሪክ የለውም። በላች፣ ተናገረች፣ ከገዢ ጋር ተከራከረች፣ በእኔ ላይ ሳቀች። ከቀዶ ሕክምናው በፊት ለእንጦጦ ማርያም ጥላ ተስላ ስለነበር በዓመቱ ስለቷን አስገባች። የነፍስ አባቷ መምሬ ዓምሃ መዳኗን በሕዝብ ፊት መሰከሩላት፤ እልልም ተባለ። ሆስፒታሉም በበኩሉ እንደ እሷ ያሉ ሕመምተኞች ቀዶ ሕክምና ፈርተው ሲያመነቱ እያስጠራት፣ «እኔን አይታችሁ ግቡ» እያለች አደፋፍራለች። ስለዚህ ባለቤቴ ለሁለት ወገን የመዳን ምስክር ነበረች ማለት ነው። ይህ ምን እንዳስከተለ ከዚህ በታች እገልጻለሁ።

4. ባለፈው ዓመት ከጥምቀት በኋላ ባለቤቴ ዝም አለች።

ቀስ በቀስ ነው የሆነው። መጀመሪያ አጠር አጠር አድርጋ መናገር ጀመረች፤ ቀጥሎ ራሷን በመነቅነቅ ብቻ መመለስ ሆነ። ከማዕድ ቶሎ ትነሣለች፤ ስትተኛ ፊቷን ወደ ግድግዳ ታዞራለች። ወዲያው ዐቢይ ጾም ገባና አለመብላቷን ከትጋት ቆጠርኩት። እንዲያውም እኔ ከእሷ ጋር ስነጻጸር ጾሜን ስለማቃልል አፍሬ ሽሮዬን ቀንሼ ነበር። ፋሲካ ደርሶ ዶሮው ቀርቦ ፊቷን ስታዞር ግን ነገሩ ኩርፊያ መሆኑን አመንኩ።

ረጅም ጊዜ በትዳር የኖረ ባል ለሚስቱ ኩርፊያ ምክንያት ፈልጎ አያጣም። እኔም ስፈልግ ብዙ አገኘሁ። በእህቷ ሠርግ ላይ የተናገርኩት ነገር ነበር። ቤቱን በመጽሐፍ ሞልቼ ዕቃዋን ወደ ጓዳ ማስወጣቴ ነበር። ለወንድሟ የጻፈችውን ደብዳቤ፣ ከልማድ የተነሣ፣ በቀይ ቀለም አርሜ መላኬ ነበር። ለእያንዳንዱ ለየብቻ ይቅርታ ጠየቅሁ። እጇን ብቻ ታወዛውዝብኛለች፤ እኔም ይህ አይደለም ሌላ ፈልግ ማለቷ መስሎኝ ሌላ እፈልጋለሁ።

ሽሮ ሜዳ ላይ ደግሞ ዝምታዋ ሌላ ትርጉም ተሰጠው። ገዢ ዋጋ ሲጠራ ዝም ትላለች። ገዢው ይጨምራል፤ አሁንም ዝም። ተናዶ ሄዶ ተመልሶ ይመጣና ይገዛል። አጠገቧ የምትሸጠው ወ/ሮ ቡርቱካን «ሙሉ፣ ዘንድሮ ምን አስነክተሻቸው ነው? እኛ ስንለፈልፍ እንውላለን፣ አንቺ ትንፍሽ ሳትዪ ትሸጫለሽ» እያለች ትገረምባት ነበር። በዚህ ምክንያት ማንም ታማለች ብሎ አልጠረጠረም። በአገራችን ገበያ የደራለት ሰው እንደታመመ አይቆጠርም።

5. በመጨረሻ ሽማግሌ ሰበሰብኩ። መምሬ ዓምሃ፣ የሠፈራችን ባለ ሱቅ አቶ ሸፊ ሙዘይን፣ እና ቀድሞ የባሕር ዛፍ ነጋዴ የነበሩት አቶ ቶሎሳ አንድ እሑድ ከቤታችን ተቀመጡ።

እንደ ደንቡ መጀመሪያ የተጠየቅሁት እኔ ነኝ። ምን እንደበደልኩ አላውቅም አልኩ። አቶ ቶሎሳ፣ «አላውቅም ማለት ራሱ አንድ በደል ነው፤ ይያዝልኝ» አሉ። ባለቤቴ ስትጠየቅ ጉንጯ ላይ እጇን አድርጋ ራሷን ወዘወዘች። እጇን ጉንጯ ላይ ያደረገችው ነርቩን ከነፋስ ለመከለል መሆኑን ዛሬ አውቃለሁ፤ ያን ዕለት ግን የሐዘን ምልክት ሆኖ ተመዘገበብኝ። አቶ ሸፊ ከልባቸው አዝነው፣ «ሴት ልጅ ስትናገር ነገሩ ቀላል ነው። ዝም ካለች ከሆድ ገብቷል። አንተ ጉልላት፣ ከማንበብ በቀር ምን ታውቃለህ? የሰው ፊት እንኳ አታነብም» አሉኝ።

ከዚህ በኋላ ፍርዱ አልዘገየም። ጉልበቷን ስሜ ይቅርታ እንድጠይቅና አንድ ጋቢ እንድክሳት ተወሰነ። ጋቢ ለምትሸጥ ሴት ጋቢ መካስ ምን እንደሚጠቅም ለማንሣት አስቤ ነበር፤ ነገር ግን ይግባኝ የሚባልበት ቦታ ስለሌለ ተውኩት። ጉልበቷን ሳምኩ። መምሬ ዓምሃም «በሉ እንግዲህ ተሳሳሙ» አሉ።

ባለቤቴ ቀኝ ጉንጯን ሰጠችኝ። ሳምኳት። ወደ ግራ ስል ፊቷን መለሰች። አቶ ቶሎሳ ይህን አይተው፣ «ምነው እሜቴ፣ በአንድ ጉንጭ ዕርቅ አለ እንዴ? ወይ ይቅር ማለት ነው ወይ አለማለት ነው» አሏት። እሷም ሰው ማስቀየም ስለማትወድ ግራ ጉንጯን አዞረችልኝ። በዚያን ሰሞን ጢሜን አልተላጨሁም ነበር።

የጮኸችውን ጩኸት ከዚህ በፊት ከጸበሉ ሥር ሰምቼው ስለማውቅ ወዲያው ገባኝ። ሽማግሌዎቹ ግን ብድግ ብለው ቆመው ቀሩ። በኋላ አቶ ሸፊ ቀስ ብለው፣ «ዕርቁ የያዘ አልመሰለኝም» አሉ።

6. ሕመሙ ሲለቃት በቁርጥራጭ ቃል ነገረችን። ከጥምቀት ሰሞን ጀምሮ ተመልሶባት ነበር። ለምን እንደደበቀች ስትጠየቅ የሰጠችው መልስ የዚህ አቤቱታ እምብርት ስለሆነ እንዳለ አስቀምጠዋለሁ፦ «ጥላ አስገብቼ፣ እልል ተብሎልኝ፣ አሁን ተመልሶ አመመኝ ብል ማርያምን መክሰስ አይሆንብኝም? እኔን አይታችሁ ግቡ ያልኳቸው ሴቶችስ ምን ይሰማቸዋል? ዳነች የተባለ ሰው እንዴት ነው ተመልሶ የሚታመመው?»

መምሬ ዓምሃ ለዚህ ብዙ አላሰቡም። «ልጄ፣» አሏት፣ «ስለት ለተሰጠሽ ምስጋና ነው እንጂ ለሚመጣው ዘመን ዋስትና አይደለም። አልዓዛርስ ከሞት ከተነሣ በኋላ ዳግመኛ ሞቶ የለም እንዴ? ስለ ሞተ ግን ያን ጊዜ አልተነሣም ያለ የለም። ያመመው ሰው አመመኝ ሲል ክሕደት አይሆንም።» አቶ ሸፊም በእኛም ዘንድ እንዲሁ ነው አሉ።

ጓድ ሥራ አስኪያጅ፣ ቤተ ክርስቲያን በዚህ አኳኋን የባለቤቴን ጉዳይ በአንድ ስብሰባ አስተካክላዋለች። ፍርዱ ግን አልተሻረልኝም፤ አቶ ቶሎሳ ዕርቁ ቢፈርስም ጋቢው ይከፈል ብለው ተከፍሏል። አሁን የቀረው የሆስፒታሉ ወገን ነው።

7. ወደ ሆስፒታሉ በሄድን ጊዜ በካርዷ ላይ «ፍጹም ድናለች፣ ክትትል አያስፈልጋትም» የሚል ስለተገኘ ለየትኛው ክፍል እንደምትመራ የሚያውቅ ጠፋ። የካርድ ክፍሉ ሠራተኛ በትሕትና፣ «እንደ አዲስ ሕመምተኛ እንዳላስገባት አሮጌ ናት፤ እንደ አሮጌ እንዳላስገባት ድናለች» አለኝ። በመጨረሻ አንድ ወጣት ሐኪም አዝነውልን በተመላላሽ አዩአትና ለሚጥል በሽታ የሚሰጠውን ክኒን አዘዙላት፤ ለዚህም ሕመም ይረዳል። እውነትም ለጥቂት ወራት ረዳት። ከዚያ መጠኑ ሲጨመር ራሷን ያዞራት ጀመር። እኔን ሁለት አድርጋ ታያለች፤ አንዱ ይበቃኝ ነበር ብላኛለች። አሁን ክኒኑ ከማዞሩ በቀር የሚሠራው የለም፤ ወጣቱ ሐኪምም ወደ ክፍለ ሀገር ተዛውረዋል፤ ከእሳቸው በኋላ የመጡት ካርዱን አይተው ማዘዝ አይፈቅዱም።

ዛሬ የምትኖረው ለብ ባለ አጥሚት ነው፤ እሱንም በቀኝ በኩል በማንኪያ ጫፍ። ሱቋን ለወ/ሮ ቡርቱካን ትታለች። ፊቷን በጥጥ ጠርዝ ጠርዙን እንጠርግላታለን፤ ግራ ጉንጯ ከታጠበ ወር አልፎታል። የምትፈልገውን በወረቀት ላይ ጽፋ ትሰጠኛለች። አላርምም።

8. በዚህ ሁኔታ ሳለን ባለፈው ሳምንት የሆስፒታሉ የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊ ጓድ ዋቅቶላ በመኪና ቤታችን ድረስ መጡ። ለአብዮቱ አሥረኛ ዓመት በዓል ሆስፒታሉ የሥራ ውጤቱን እንደሚያሳይ፣ ፕሮፌሰሩም በክብር እንግድነት እንደሚገኙ፣ በእሳቸው እጅ የዳኑ ሕመምተኞች መድረክ ላይ ቀርበው አጭር የምስጋና ቃል እንደሚያሰሙ፣ ከእነዚህም ባለቤቴ የመጀመሪያዋ መሆኗን አበሠሩን።

ፕሮፌሰሩ ይመጣሉ የሚለውን ስንሰማ ባለቤቴ ከአልጋዋ ተነሥታ ተቀመጠች። እኔም ሕመሙ እንደተመለሰባት፣ ፕሮፌሰሩ ራሳቸው ቢመለስብሽ ንገሪኝ ብለዋት እንደነበር ገለጽኩ። ጓድ ዋቅቶላ ደነገጡ። «ይሄማ ጥሩ አይደለም» አሉ። ቀጥለውም፣ «ፕሮግራሙ እኮ ታትሟል» አሉ።

መታተሙን አውቃለሁ። የታተመው እኔ በምሠራበት ማተሚያ ቤት ሲሆን እርማቱም በተራዬ እጄ ገብቶ ነበር። የባለቤቴ ስም ከነአባቷ በትክክል ሰፍሯል። ከስሟ ቀጥሎ «ፍጹም የዳነች» የሚለውን ለማረም ግን የአራሚ ሥልጣን አይፈቅድም። ሁለት ጊዜ አንብቤ፣ ስህተት የለበትም ብዬ ፈርሜ አስተላልፌዋለሁ።

ጓድ ዋቅቶላ ጉዳዩን ሊያቀልልን ፈልገው፣ «መናገር ካቃታት ቃሏን ሌላ ሰው ያነብላታል፤ እሷ ፈገግ ብላ ብትቀመጥ ይበቃል» አሉ። ፈገግ ማለትም ሕመሙን እንደሚያስነሣባት ነገርኳቸው። ታዲያ ፕሮፌሰሩ ለጥቂት ደቂቃ ቢያዩአት ምናለ ብዬ ስለምናቸው፣ «ፕሮፌሰሩ የሚመጡት እንግዳ ሆነው ነው፤ እንግዳ አይሠራም። ከበዓሉ በኋላ ያመልክቱ» አሉኝ። ፕሮፌሰሩ የሚሄዱት መቼ እንደሆነ ጠየቅሁ። የበዓሉ ማግስት ነው።

ጓድ ዋቅቶላ ክፉ ሰው አይደሉም። በር ላይ ሲደርሱ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው የራሳቸው እናት ራስ ምታት እንደማይለቃቸው ነግረውኛል። እኔም እግዚአብሔር ይማርልዎ ብያለሁ። ከዚህ በላይ እሳቸውም እኔም የምናደርገው ስላልነበረ ጉዳዩ ወደ እርስዎ መጥቷል።

9. እንደሚመስለኝ አስቸጋሪው ነገር ባለቤቴ መታመሟ ሳይሆን በመዳኗና በመታመሟ መካከል ያለው ጊዜ የት እንደሚጻፍ አለመታወቁ ነው። እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ ባነበብኩት መጠን ግን ሥራው ከሸፈ የምንልበት ምክንያት የለም። አንድ ሰው ሰባት ዓመት ከዳነ ሰባት ዓመት ድኗል። አንዷ ዐሥር ትቆይ ይሆናል፤ አንዷ ዕድሜ ልኳን፤ አንዷ በስድስት ወሯ ትመለስ ይሆናል። ይህን ቆጥሮ የሚያውቅ ሆስፒታል የሚያፍርበት ነገር ያለው አይመስለኝም። ያልቆጠረው ግን ቀጥላ ለምትገባው ሴት ምን ብሎ ይነግራታል? ፕሮፌሰሩ ይህንኑ ጥያቄ ትተውልን ሄደው ነበር። ጥያቄያቸውን የሚመልስላቸው ሰው ጉለሌ ተኝቷል፤ እኛ ደግሞ መልሱን ፈገግ በል ብለን መድረክ ላይ ልናስቀምጥላቸው ነው።

ስለዚህ በአክብሮት የምጠይቀው የሚከተለውን ነው፤

ሀ) ባለቤቴ ከበዓሉ በፊት፣ ካልሆነም በዚያው ዕለት ወደ መድረኩ ከመውጣቷ በፊት፣ ለአጭር ጊዜም ቢሆን በምርመራ ክፍል ውስጥ ከፕሮፌሰሩ ጋር እንድትገናኝ እንዲፈቀድልኝ፤

ለ) ቀዶ ሕክምናው ሊደገም የሚችል ከሆነ በእሳቸው ወይም እሳቸው ባሠለጠኗቸው የአገራችን ሐኪሞች እንዲደገምላት፤ የማይቻል ከሆነም አይቻልም ተብሎ በግልጽ እንዲነገረን። ከሕመሙ ቀጥሎ የሚያደክመን ለማይቻል ነገር ወረፋ መጠበቅ ነው፤

ሐ) በካርዷ ላይ ያለው ቃል ሳይሰረዝ፣ ከሥሩ «ከሰባት ዓመት በኋላ ተመልሶባታል» ተብሎ እንዲጨመርና ክኒኑ እንዳይከለከላት።

መድረኩን በሚመለከት ባለቤቴ አልወጣም አላለችም። ሆስፒታሉን ስለምታከብር፣ እውነት ከሚነገርበት መድረክ ላይ ሰባት ዓመት ሰጥታችሁኛል ለማለት ፈቃደኛ ናት። ንግግር አድርጊ ከተባለችም ታደርጋለች። አፏን ስትከፍት በእንግዶች ፊት የሚሆነውን ግን አስቀድሜ ማሳወቅ ግዴታዬ ሆኖ አግኝቼዋለሁ። ይህን የምለው ለማስፈራራት አይደለም፤ በሽታው ፕሮግራም አያነብም ለማለት ብቻ ነው።

10. ይህን ማመልከቻ ከማስገባቴ በፊት አንድ ነገር እሷን ራሷን መጠየቅ ነበረብኝ። ሁለተኛ መከፈት ከመጀመሪያው ይልቅ አስቸጋሪ ሊሆን እንደሚችል፣ የቀረው የግራ ጆሮዋ ጨርሶ ሊሄድ እንደሚችል፣ ያ ሁሉ ሆኖ እንደገና ሊመለስባት እንደሚችል ወጣቱ ሐኪም ነግረውኝ ነበር። ሁሉንም አንድ በአንድ ነገርኳት። ታዲያ ሰባት ዓመት ባይሆን፣ ሦስት ዓመት ብቻ ቢሆንስ፣ ይክፈቱሽ ወይ አልኳት።

ለመመለስ ስትል ያዛት። እጇን አንሥታ ጠብቅ አለችኝ። ጠበቅሁ። ሲለቃት ወረቀቱን ሳትጠይቅ በአፏ መለሰችልኝ።

«ሦስት ዓመት ውስጥ» አለች፣ «ስንት ምሳ አለ።»

ውሳኔዎን ከሚጠብቅ፣ ከደከመ ግን ተስፋ ካልቆረጠ ሰው ሰላምታ ጋር፣

ጉልላት አጥናፉ
(ፊርማ)